የጎልድስቶንን ሜዳ ማን በላው?

ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር በአንድ ሰዓት ግድም ብራይተን ያደርሳል። ሰዉ ሁሉ ከጣቢያው ወጥቶ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይጎርፋል። እዚያ ጠጠር የለበሰ ዳርቻ አለ፤ ከሰው እጅ ላይ ድንች ጥብስ የሚነጥቁ ነጫጭ ወፎችም አሉ። የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ ቅጽል ስም የነዚሁ ወፎች ስም ነው፤ "ሲጋልስ" ይሉታል። የእኛ ሰው ብራይተንን የሚያውቃት በቴሌቪዥን፣ በፕሪሚየር ሊግ ነውና እኔም ባሕሩን ትቼ የኳሱን ዱካ ልከተል ብዬ ወደ ጎረቤቷ ሆቭ ሄድኩ።

ከሆቭ ጣቢያ ወደ ሰሜን ጥቂት ሲራመዱ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያላቸው ትልልቅ መደብሮች ይገጥማሉ። ቤተሰብ ዕቃ በጋሪ እየገፋ ይወጣል፣ ልጆች ያለቅሳሉ። ለዓይን ምንም የሚስብ ነገር የለም። ሆኖም ሰው ሸቀጥ የሚጭንበት ይህ ቦታ ከ1902 እስከ 1997 የብራይተን ኤንድ ሆቭ አልቢዮን ሜዳ፣ ጎልድስቶን ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1958 ከፉልሃም ጋር ሲጫወቱ 36,747 ሰው እዚህ ቆሞ አይቷል። የእኛ ካምቦሎጆም ዙሪያውን ሱቅ ነው፤ ልዩነቱ የእኛው ሱቅ ከመቀመጫው ሥር መሆኑ ነው። እዚህ ሱቁ ሜዳውን ውጦታል።

ማን ነው የዋጠው?

መልሱን የሚጀምሩት ከ1983 ነው። በዚያ ዓመት ክለቡ ለኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 2 ለ 2 ወጣ፣ በድጋሚው ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ከአንደኛው ዲቪዚዮንም ወረደ። ከዚያ በኋላ ገቢው ሲያንስ ዕዳው እየከበደ ሄደ። እንግዲህ ጥፋቱን ለዕዳ የሚሰጡ አሉ፤ ባንክ አንገት ላይ ቆሞ ሌላ ምን ይደረጋል ይላሉ። ዕዳው እውነት ነበር። ግን ዕዳ ያለበት ሰው ቤቱን ቢሸጥ ማንም አይፈርድበትም። ልጆቹን የሚያስገባበት ቤት ሳይከራይ ከሸጠ ነው ጎረቤት የሚጠይቀው።

የሆነውም ይኸው ነው። የክለቡ አብላጫ ድርሻ ባለቤት ቢል አርቸር ድርሻውን የያዙት በ56 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ነበር። የእሳቸው መኖሪያ ሩቅ ሰሜን፣ ላንካሻየር ነው። ሥራውን የሚመሩላቸው የቀድሞ የፓርላማ አባል ዴቪድ ቤሎቲ ነበሩ። በ1995 ሜዳው እንደተሸጠ ሲሰማ፣ ክለቡ በቀጣዩ ዓመት የት እንደሚጫወት የሚያሳይ ቁርጥ ያለ ነገር አልነበረም። ገዢው ኩባንያ የከፈለው 7.4 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ሲያስተላልፈው ወደ 24 ሚሊዮን አወጣ። አንዱ አንቀጽ ደግሞ ከሁሉ ይከነክናል። በክለቡ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ፣ ክለቡ ቢፈርስ የተረፈው ሀብት ለስፖርት ወይም ለበጎ አድራጎት ይውላል የሚል ነገር ነበረ። ባለቤቶቹ ክለቡን ከያዙ በኋላ ያ አንቀጽ ከደንቡ ወጥቶ ተገኘ። ያጋለጡት ደጋፊዎች ናቸው፤ ከተጋለጠ በኋላ ተመልሶ ገባ።

በእኔ ሚዛን ትልቁ ተጠያቂ ሻጩ ነው። ግን እሱ ብቻውን አይደለም። መደብር ያለ ፈቃድ አይቆምምና የከተማ ፕላን ጠረጴዛም አለ። የሊጉና የፌዴሬሽኑ ባለሥልጣናትም ክለብ ሜዳውን ሲያጣ የሚከለክል ደንብ ይዘው አልተነሱም። የእንግሊዝ ሕግም ክለብን እንደ ማንኛውም ኩባንያ ያየዋል፤ 95 ዓመት የተዘመረበት ሣር በወረቀት ላይ "ቋሚ ንብረት" ነው።

ደጋፊው ዝም አላለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1996 ከዮርክ ሲቲ ጋር ሲጫወቱ ሕዝቡ ሜዳ ገብቶ ጨዋታው በ16ኛው ደቂቃ ተቋረጠ። የጎል አግዳሚው ሳይቀር ተሰበረ። መልካም ሥራ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ግን አገሩ ሁሉ ጉዳዩን የሰማው ያን ቀን ነው። ክለቡ የራሱን የነበረ ሜዳ ለአንድ ዓመት ተከራየ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ደጋፊዎች ደግመው ሜዳ በመግባታቸው ሁለት ነጥብ ተቀነሰበት፣ ቡድኑም ከሁሉ ግርጌ ወደቀ። የካቲት 8 ቀን 1997 ደግሞ ከመላው እንግሊዝና ከሌላም አገር የተለያየ ክለብ ደጋፊዎች የየራሳቸውን ማሊያ ለብሰው ጎልድስቶን መጡ። ብራይተን ሃርትልፑልን 5 ለ 0 ረታ። በሌላ ቀን ቢሆን እርስ በርሳቸው የሚሰዳደቡ ሰዎች ናቸው አንድ ላይ የቆሙት።

የመጨረሻው ጨዋታ ሚያዝያ 26 ነበር፤ ዶንካስተር 1 ለ 0 ተሸነፈ። ፊሽካው ሲነፋ ሰዉ ሣሩን እየቆረጠ፣ ወንበሩን እየነቀለ ለማስታወሻ ወሰደ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በሄርፎርድ ከተማ ሁለት ቡድኖች ላለመውረድ ተፋጠጡ። አንድ አቻ ወጡ፤ ነጥባቸውም 47፣ 47 እኩል ሆነ። የጎል ልዩነት ቢታይ ሄርፎርድ ይተርፍ ነበር። የዚያን ጊዜ የሊጉ ደንብ ግን ብዙ ያገባውን ያስቀድማልና ብራይተን ቀረ፣ ሄርፎርድ ወረደ።

ከዚያ ስደት ነው። ሁለት ዓመት "የቤት" ጨዋታውን ያደረገው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ጂሊንግሃም ላይ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብሔራዊ ቡድናችን በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው "በሜዳው" ተብሎ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። በ1999 ብራይተን ወደ ከተማው ተመልሶ ዊዝዲን በሚባል የአትሌቲክስ መሮጫ ሜዳ 12 ዓመት ተጠለለ። ጊዜያዊ መቀመጫ፣ ዝናብ፣ ኳሱን በሩቅ ማየት። አዲሱ ስታዲየም ፋልመር ላይ የተከፈተው በ2011 ሲሆን፣ ወጪውን የሸፈኑት የከተማዋ ተወላጅ ቶኒ ብሉም ናቸው። የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ተጋጣሚ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዶንካስተር።

ከመደብሮቹ መንገዱን ተሻግሮ ሆቭ ፓርክ አለ። ለሜዳው ስሙን የሰጠው ትልቅ ድንጋይ፣ ጎልድስቶን፣ እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰይጣን ወርውሮት ነው ይላል የአገሬው ተረት። በ1830ዎቹ ድንጋዩን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ሰብሉን እየረገጠ ያስቸገረው ገበሬ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ በ1900 ተቆፍሮ ወጣ፣ በ1906 ፓርኩ ውስጥ ቆመ። ልጆች ይወጡበታል። ባሕሩን አይታችሁ ከጠገባችሁ ሄዳችሁ ብታዩት አትጸጸቱም።

የሄርፎርድስ ነገር? ያ ክለብ በ2014 በዕዳ ምክንያት በፍርድ ቤት ፈረሰ። ሜዳው ኤድጋር ስትሪት ግን የአካባቢው ምክር ቤት ንብረት ስለነበር ማንም ሊሸጠው አልቻለም፤ ደጋፊዎቹ አዲስ ክለብ አቋቁመው ዛሬም እዚያው ይጫወታሉ።