ኮፍያ ጀምሬ ካልሲ ጨረስኩ

የልጄ ስልክ የተደወለው ሌሊት ነው። የልጅ ልጄ ከቀኗ ስድስት ሳምንት ቀድማ አዲስ አበባ ተወለደች፤ ክብደቷ 1,900 ግራም። ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ምን እንደሚያስፈልገው ዕድሜዬን ሙሉ ለእናቶች ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሙቀት፣ የእናት ጡት፣ ንጽሕና። ያን ሌሊት ግን እኔ ክብረ መንግሥት፣ እሷ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ። የልጄ አማት አጠገቧ ስለነበሩ ከሳምንት በኋላ ሄጄ ልተካቸው ተስማማን። ሳምንት ሙሉ ምን ልሠራ ነው?

በነጋታው ልጄ «እማዬ፣ ኮፍያ አምጡ ብለውናል፤ ያገኘሁት ሁሉ ዓይኗን ይሸፍናታል» አለችኝ። «እኔ እሠራላታለሁ» አልኩ። ኪሮሽ ጨብጬ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ያልቻልኩት የሚያስተምረኝ አጥቼ አይደለም። እናቴ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ኪሮሿ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ተሞርዶ የተሠራ ነው። የወንበሩ መደገፊያ፣ ራዲዮው፣ በኋላም ቴሌቪዥኑ ሁሉም የእሷን ዳንቴል ለብሰው ነበር። እኔ ነርስ ሆኜ ቤት ስመለስ «ይኼ አቧራ መሰብሰቢያ ነው» ብዬ ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳሁት። ምንም አልመለሰችልኝም። አጥባ፣ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ዛሬ እናቴ የለችም፤ ሣጥኑ ግን እኔ ዘንድ ነው።

ጎረቤቴ ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ። ኪሮሽ የተማሩት በደርግ ዘመን በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ነው። «እትዬ፣ ያስተምሩኝ» ብዬ ስሄድ ሳቁብኝ። «ሲስተር፣ አንቺ መርፌ ስትወጊ እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ ይኼማ አይወጋም» አሉኝ።

መጀመሪያ ያረሙኝ ግዢዬን ነው። ከሱቅ የገዛሁት ለሕፃን ይሁን ብዬ ቀጭን የዳንቴል ክርና በጣም ቀጭን ኪሮሽ ነበር። ለጀማሪ ይህ ዓይን ማጥፊያ ነው። የዳንቴል ክር ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እየቀጠነ ይሄዳል፤ 20 ቁጥር ከ10 ቁጥር ይቀጥናል። እንዲህ ያለ ክር የሚሠራው አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን በሆነ የብረት ኪሮሽ ነው። ለመልመድ የሚመቸው መካከለኛ ውፍረት ያለው ክርና 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ነው። ቀለሙም ነጣ ያለ ይሁን፤ በጥቁር ክር ላይ ቀለበቱ አይታይም፤ በተለይ መነጽር ለምናደርግ ሰዎች። ለሕፃን ደግሞ ጥጥ ይሻላል። ሰው ሠራሹ የሹራብ ክር ርካሽ ቢሆንም ላብ አይመጥም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሰንሰለት ብቻ ነበር። ክሩን ጠቅልሎ በቀለበቱ ውስጥ ማውጣት፣ እንደገና ጠቅልሎ ማውጣት። የእኔ በጣም ከመጥበቁ የተነሳ ኪሮሹ ተመልሶ አይገባም። «አታንቂው» አሉኝ እትዬ። የሚያጠብቀው ቀኝ እጅ ሳይሆን ክሩን የያዘው ግራ እጅ ነው። ክሩን በትንሿ ጣት ላይ አዙሬ እንዲንሸራተት ሳደርገው ተስተካከለ።

በሦስተኛው ቀን ልጄ በስልክ የኮፍያ አሠራር ላከችልኝ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። እትዬ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ እኔ አነባለሁ። «ደብል ክሮሼ» ይላል። በስልኬ ቪዲዮ አይቼ፣ ክሩን አስቀድሞ ጠምጥሞ የሚሠራው ረጅሙ ዓይነት መሆኑን ተረዳሁ። ቁጥሩን አንድ ሳላዛንፍ ሁለት ሌሊት ሠራሁ። ስጨርስ ወርዱ ልክ ነው፤ ቁመቱ ግን እጥፍ ሆኗል። ካልሲ በሉት።

ስህተቱ ቆይቶ ነው የተገለጠልኝ። አሜሪካኖች «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን አጭሩን ዓይነት እንግሊዞች «ደብል ክሮሼ» ይሉታል። የተላከልኝ ጽሑፍ የእንግሊዞች፣ ያየሁት ቪዲዮ የአሜሪካኖች ነበር። ሚሊግራምና ሚሊሊትርን እንደማምታታት ነው። ለተማሪ ነርሶች «መለኪያውን ሳታረጋግጡ መድኃኒት አትስጡ» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሴት፣ በክር ላይ ተያዝኩ።

እትዬ ወረቀቱን አስቀምጭው አሉኝ። «የልጅቷ ራስ ስንት ነው?» ልጄ በሜትር ለክታ 30 ሳንቲ ሜትር አለችን። በጊዜው የተወለደ ሕፃን ራስ ዙሪያው 35 አካባቢ ነው። ኮፍያ ስለሚለጠጥ ከራሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል፤ 28። ይህን ለ3.14 ስናካፍለው ወደ 9 ይመጣል። እንግዲህ በመጀመሪያ የአናቱ ክብ 9 ሳንቲ ሜትር ስፋት እስኪኖረው ይሠራል፤ ከዚያ ሳይጨምሩ ቀጥ አድርጎ ጆሮ እስኪሸፍን መውረድ ነው።

ክቡ በአጭሩ ዓይነት ሲሠራ በስድስት ይጀመራል፤ በየዙሩም ስድስት ይጨመራል፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ። እንደ ስኒ ከጎበጠ የተጨመረው አንሷል፤ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ከተርገበገበ በዝቷል። የዙሩ መጀመሪያ እንዳይጠፋ መርፌ ቁልፍ ይሰካበታል። እኔ የልብ ምት ቆጥሬ ያረጀሁ ነኝና መቁጠሩ አልከበደኝም። የከበደኝ አንገቴ ነው። ስለዚህ በየሃያ ደቂቃው ተነስቶ እጅን ማፍታታት ከሥራው ይቆጠር።

እዚህ ላይ የነርስነቴን ልናገር። የሕፃን ኮፍያ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ቁልፍ፣ አንገት ላይ የሚታሰር ክር አይኑረው። ከመልበሱ በፊት ይታጠብ። ክብደቱ ላነሰ ሕፃን ኮፍያ ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ሙቀት የእናት ደረት ነው። ልጁን ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ማቀፍ፣ ካንጋሮ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረው ማሞቂያ መሣሪያ ስላነሰ ነበር፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በጊዜው ለተወለደና ጤነኛ ለሆነ ልጅ ግን ሞቃት ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አያስፈልገውም። ለቦሬ ብርድ የሚሆነው ለነገሌ ሙቀት አይሆንም። ማጅራቱን ዳሱት፤ ካላበው አውልቁለት።

ትክክለኛውን ኮፍያ የጨረስኩት ለጉዞ ሻንጣ ስዘጋ ነው። ካልሲውንም ተርትሬ ክሩን ለሁለተኛ ኮፍያ አዋልኩት። የኪሮሽ ደግነቱ ይህ ነው፤ የተበላሸው ክሩን ስትስቡት ይፈታል፣ ምንም አይባክንም። አዲስ አበባ ደርሼ ልጅቷ በእናቷ ደረት ላይ ተኝታ፣ ኮፍያው ጆሮዋን ሸፍኖ ሳይ፣ ከእጄ የወጣ ነገር እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም። በሦስት ሳምንት ጠበባት። እሰየው!

ስመለስ የእናቴን ሣጥን ከፈትኩ። ያ የቴሌቪዥን ዳንቴል አለ። አሁን ማንበብ እችላለሁ፤ መሃሉ ላይ ስድስት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለት። ወረቀት ላይ የጻፈችው አንድም ነገር የለም፤ ትምህርቷ ሁሉ እዚያው ክሩ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ልመልሰው ብል የዛሬው ቴሌቪዥን ዳንቴል የሚቀመጥበት ጀርባ የለውም። የስኒው ትሪ ላይ አነጠፍኩት። እትዬ ቡና ሲጠጡ አገላብጠው አዩትና «ይኼን የሠራች ሴት እያለች እኔ ጋ መጣሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤታችሁ ኪሮሽ የምታውቅ እናት ወይም አያት ካለች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ጥቅል ክር ገዝታችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። ካልሲም ቢወጣችሁ ግድ የለም፤ ይተረተራል።