ፈቃዱ የዘገየበት ድርጅት፦ የጉዞ ማስታወሻ ከቶኪዮ፣ ከማትሱኤና ከሺዙኦካ

ዩራኩቾ፣ ቶኪዮ

ቶኪዮ ገብቶ ስልኩን ከኢንተርኔት ለማገናኘት የሚፈልግ እንግዳ ዩራኩቾ ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ቢክ ካሜራ ጎራ ቢል አይቸገርም። ስሙ ካሜራ ይበል እንጂ ፍሪጅም፣ ብስክሌትም፣ መጠጥም የሚሸጥበት ባለ ብዙ ፎቅ መደብር ነው። እኔም ሲም ካርዴን የገዛሁት ከዚያ ነው። ማሸጊያው ላይ የመደብሩ ስም ተጽፏል፤ መስመሩን የሚያቀርበው ግን ኢንተርኔት ኢኒሺየቲቭ ጃፓን፣ በአጭሩ አይ.አይ.ጄ. የተባለ ድርጅት ነው። አይ.አይ.ጄ. ደግሞ የራሱ የሞባይል ማማ የለውም። ማማ ካላቸው ከዶኮሞና ከኬ.ዲ.ዲ.አይ. የመስመር አቅም በጅምላ ይገዛና ለደንበኛ ይቸረችራል።

ነገሩ እንዲህ ሲነገር የአየር በአየር ንግድ ይመስላል። አይደለም። ከማርች 2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ አይ.አይ.ጄ. በዶኮሞ ማማዎች ላይ የሚሠራ የራሱን ሲም ያወጣል፤ የደንበኛውን መለያ መዝግቦ የሚያረጋግጠውንም ሥርዓት በራሱ እጅ ያንቀሳቅሳል። በጃፓን ማማ ከሌላቸው ድርጅቶች እዚህ ደረጃ ላይ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ይህም ስልክ ላልሆኑ ነገሮች ሁሉ፣ ለካሜራው፣ ለማሽኑ፣ ለመኪናው፣ የሚስማማ ሲም ለማቅረብ በር ከፈተለት። የአገሬው ሰው 2 ጊጋባይት ዳታ ከድምፅ መስመር ጋር በወር ከ1 ሺህ የን ባነሰ ዋጋ ያገኛል።

ስልኬ ወዲያው ሠራ። የመጣሁት ግን ፈቃድ አጥቶ ገና ሳይጀምር ሊከስም የነበረ ድርጅት እንዴት የትልልቅ ኩባንያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መተማመኛ እንደሆነ በየቦታው እየሄድኩ ለማየት ነው።

ናጋታቾ

የጃፓን ፓርላማ ያለበት ሰፈር ነው። ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች ፋይል ይዘው ይጣደፋሉ፤ በየማዕዘኑ ፖሊስ ቆሟል። አይ.አይ.ጄ. በዲሴምበር 1992 ሲመሠረት የመጀመሪያ ቢሮው እዚህ፣ ሊፈርስ ቀኑን በሚጠብቅ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱና በኋላ ለብዙ ዓመታት የመራው ኮይቺ ሱዙኪ ያንን ባዶና ብርዳም ክፍል ደጋግሞ ያነሳዋል። ሕንፃው ዛሬ የለም። ቢሆንም ሰፈሩን በእግሬ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ፈቃድ ከሚሰጡት ሹሞች ደጃፍ ምን ያህል ቅርብ እንደነበሩ የገባኝም ስዞርበት ነው።

የጃፓን ኢንተርኔት የተወለደው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በ1984 ጁን ሙራይ የተባለው ተመራማሪ ጁኔት የተሰኘውን መረብ ዘረጋ፤ በ1988 ደግሞ ዋይድ የሚባለውን የምርምር ፕሮጀክት መሠረተ። መረቡ ግን በአብዛኛው የተመራማሪዎች ነበር፤ ለንግድ ሥራም ሆነ ለተራ ሰው ክፍት አልነበረም። ከዋይድ አካባቢ የነበሩ መሐንዲሶች ለሁሉም ሰው የሚሆን የንግድ አገልግሎት እንክፈት ብለው ተነሡ። መሐንዲሱ ነበር፣ ዕውቀቱም ነበር። የጎደለው የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ሚኒስቴር ፈቃድ ነበር።

ሚኒስቴሩ የጠየቀውን ሳነብ ደጋግሜ ተመልሼበታለሁ። አንድም ደንበኛ ባታገኙ እንኳ ሦስት ዓመት ሳትከስሩ መቆየት እንደምትችሉ አሳዩ ነው የተባሉት። ባንኮቹ በበኩላቸው ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ማበደር አልፈለጉም። ፈቃድ ከሌለ ደንበኛ የለም፤ ደንበኛ ከሌለ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ከሌለ ፈቃድ የለም። መሐንዲሶቹ ከአንድ ዓመት በላይ በዚህ አዙሪት ውስጥ ቆዩ። ኢሜይልን እያጠራቀመ በየተወሰነ ጊዜ በስልክ መስመር በሚያስተላልፍ አገልግሎት ጥቂት ገቢ ማግኘት ጀመሩ። ፈቃዱ የተሰጠው በፌብሩዋሪ 1994 መጨረሻ ነው፤ በቀጣዩ ወር ዓለም አቀፍ መስመራቸው ሥራ ጀመረ።

በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባም ኢሜይል የሚሄደው እንዲሁ እየተጠራቀመ ነበር። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የሚባለው ክፍል መልእክት ሰብስቦ በስልክ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ሙሉ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 በመንግሥቱ ቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት በኩል ነው፤ ሁለተኛ ድርጅት ለሕዝብ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ በ2022 ነው። መነሻችን ከጃፓኖቹ ጋር ያን ያህል የተራራቀ አልነበረም። የለየን ፈቃድ ነው። እነሱ ጋ ሚኒስቴሩ ዘገየ፣ አስቸገረ፣ በመጨረሻ ግን ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ተወዳዳሪ ገበያውን ሞላው። እኛ ጋ አንድ በር ብቻ ለሩብ ምዕተ ዓመት ቆየ። ይህን የምጽፈው ተቆጭቼ ነው።

ኢዳባሺ

የዛሬው ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ፣ ጣቢያው አጠገብ ባለ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነው። የድርጅቱ ሠራተኞች ከነቅርንጫፎቹ ወደ 5 ሺህ ይደርሳሉ፤ በማርች 2025 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ገቢው ከ300 ቢሊዮን የን በልጧል። አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣው ግን እኔ ከገዛሁት ዓይነት ሲም አይደለም። የሚከፍሉት ድርጅቶች ናቸው። ቢሮን ከቅርንጫፍ የሚያገናኝ መስመር፣ ከሰርጎ ገብ የሚከላከል ጥበቃ፣ ክላውድ፣ ኢሜይል፣ እነዚህን ሁሉ ቀንና ሌሊት የሚከታተል ባለሙያ፤ የሚሸጠው ይህ ነው። ፋየርዎልን እንደ አገልግሎት ማቅረብ የጀመረው በ1994፣ ፈቃዱን ባገኘበት ዓመት ነው፤ ያኔ አብዛኛው ኩባንያ ገና ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም ነበር።

በ2001 የባለሀብቱ የማሳዮሺ ሶን ኩባንያ ሶፍትባንክ ያሁ ቢ.ቢ. በሚል ስም ርካሽ ፈጣን ኢንተርኔት ይዞ ሲመጣ፣ ወጣት ሻጮቹ በየጣቢያው በር ቆመው ሞደም በነፃ ያድሉ ነበር። ዋጋው ወደቀ፤ ጃፓን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ርካሽና ፈጣን ኢንተርኔት ካላቸው አገሮች ተርታ ገባች። ለሕዝቡ የጠቀመው ያ መንገድ እንደሆነ አልጠራጠርም። አይ.አይ.ጄ. ግን በዚያ አልሄደም፤ መስመሩ ለአንድ ሰዓት ቢቋረጥ የሚጎዳውን ደንበኛ ይዞ ቀረ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ጠባይ የሰጠው ያ የናጋታቾ ዓመት ነው። ያለ ደንበኛ ሦስት ዓመት መኖር ትችላለህ ወይ ተብሎ የተፈተነ ድርጅት ቶሎ ከሚመጣና ቶሎ ከሚሄድ ገበያ ይልቅ የሚሰነብተውን ይመርጣል።

አንድ ጊዜ ከዚህ ጥንቃቄ ወጥቶ ነበር፤ ዋጋውንም ከፍሏል። በ1998 ከሶኒና ከቶዮታ ጋር ሆኖ ክሮስዌቭ የሚባል ድርጅት አቋቋመ፤ በመላ ጃፓን የራሱን ፋይበር መረብ ዘርግቶ የዶኮሞ እናት ኩባንያ ከሆነው ከግዙፉ የቴሌ ድርጅት ከኤን.ቲ.ቲ. ጥገኝነት ለመውጣት ነበር። በ1999 አይ.አይ.ጄ. ራሱ ናስዳክ በሚባለው የአሜሪካ ገበያ ገብቶ አክሲዮን ሸጠ፤ ዘመኑ የኢንተርኔት አክሲዮን የናረበት ዘመን ነው። ከዚያ ገበያው ፈረሰ። ክሮስዌቭ በኦገስት 2003 በዕዳ ተውጦ ወደ ፍርድ ቤት ጥበቃ ሄደ፤ አይ.አይ.ጄ.ን ያዳነው ገንዘብ የመጣውም ሊያመልጠው ከፈለገው ከኤን.ቲ.ቲ. ነው። በ2023 ኤን.ቲ.ቲ. ከአይ.አይ.ጄ. ጠቅላላ አክሲዮን 10 በመቶ ያህል የሚሆነውን ከድርሻው ላይ ለኬ.ዲ.ዲ.አይ. ሸጠ። ዛሬ ሁለቱ የአገሪቱ ታላላቅ ቴሌዎች በአንድ ጊዜ አቅራቢዎቹም፣ ተፎካካሪዎቹም፣ ባለድርሻዎቹም ናቸው። በዚህ መካከል ገለልተኛ ሆኖ መቆየት ቀላል ሥራ አይደለም።

ጥበቃ የሚሸጥ ድርጅትም ይደፈራል። በኤፕሪል 2025 አይ.አይ.ጄ. የኢሜይል ጥበቃ አገልግሎቱ ከቀደመው ዓመት ጀምሮ ሰርጎ ገብ እንደገባበት ይፋ አደረገ፤ መጀመሪያ ሊነኩ ይችላሉ ተብለው የተቆጠሩት የኢሜይል አድራሻዎች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ምርመራው ሲጠራ የተጎዱት ቁጥር በጣም አነሰ። ቢሆንም መተማመን ነው የሚሸጠው ላልኩት ድርጅት ትልቅ ቁስል ነው፤ ስለ እድገቱ ጽፎ ይህን መዝለል አይገባም።

ማትሱኤ

ከቶኪዮ ማታ የሚነሣው ሰንራይዝ ኢዙሞ ባለ አልጋ ባቡር ነው። ኦካያማ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ሺኮኩ ደሴት ይሄዳል፤ ግማሹ ተራራውን አቋርጦ ወደ ጃፓን ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ጠዋት ማትሱኤ ስደርስ ሺንጂ ሐይቅ ታየኝ፤ በጀልባ ላይ የቆሙ ሰዎች ባለ ረጅም እጀታ መቧጠጫ ይዘው ከሐይቁ ወለል ሺጂሚ የምትባለውን ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ ይዝቃሉ። ማትሱኤ በጃፓን መለኪያ ትንሽ ከተማ ናት። ሩቢ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የፈጠረው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ የሚኖረው እዚህ ነው፤ ከተማዋም በዚህ ትኮራለች።

ኮረብታው ላይ፣ ከቤቶቹ ራቅ ብሎ፣ ማትሱኤ ዳታ ሴንተር ፓርክ አለ። በኤፕሪል 2011 ተከፈተ፤ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ከደረሰ ገና ሁለተኛ ወሩ አልሞላም ነበር። ዳታ ሴንተር ሲባል መስኮት የሌለው ግዙፍ ሕንፃ የጠበቀ ሰው እዚህ የሚያገኘው በተርታ የተደረደሩ ኮንቴይነሮች ነው። ሰርቨሮቹ ያሉት በውስጣቸው ነው። ኮንቴይነሩ በጃፓን መንገድ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ በጭነት መኪና እንዲጓጓዝ ወርዱ ጠበብ ተደርጓል፤ ወርዱ ስለጠበበ መደርደሪያዎቹ በቀጥታ አልተሰለፉም፣ ሰያፍ ሆነው ቆመዋል። ቴክኒሻኑ በዚያ ሰያፍ ክፍተት ገብቶ ከፊትም ከኋላም መሥራት ይችላል። እንዲህ ያለ መፍትሔ የሚያገኘው ችግሩን በእጁ የነካ ሰው ነው።

ሰርቨር ይሞቃል፤ ሙቀቱን ማውጣት ደግሞ ብዙ መብራት ይበላል። እዚህ የሚያቀዘቅዘው በአብዛኛው የውጭ አየር ነው። አየሩ መጠነኛ በሆነባቸው ወራት ከውጭ ተስቦ ይገባል፤ ሞቆ ይወጣል። ብርዱ ሲበረታ በጣም የቀዘቀዘው አየር ከሚወጣው ሙቅ አየር ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው፤ አለዚያ መሣሪያውን ይጎዳዋል። ሐምሌና ነሐሴ ሲያፍን በሩ ይዘጋና እንደማንኛውም ማቀዝቀዣ ውስጡን ያዞራል። ይህን እያየሁ ስለ አዲስ አበባ አሰብኩ። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ዓመቱን ሙሉ አየሯ ቀዝቃዛ የሆነ ከተማ በዚህ መንገድ የምታተርፈው ከማትሱኤ ሳይበልጥ አይቀርም፤ የዝናብ ወራቱን እርጥበት መቆጣጠርና የደረቁን ወቅት አቧራ ማጣራት ግን ያስፈልጋታል።

ከሱናሚው በኋላ ጃፓኖች ሁሉንም ቶኪዮ ላይ መከመር አደጋ እንደሆነ ተረድተዋል። ሆኖም በ2019 አይ.አይ.ጄ. ሁለተኛውን ትልቅ ግቢ የከፈተው ቶኪዮ አጠገብ፣ ቺባ ውስጥ ሺሮይ ላይ ነው። ደንበኛው ቅርብ የሆነ ሰርቨር ይፈልጋል። ማትሱኤን የመሰሉ ከተሞች የሚከራከሩት ከዚህ ፍላጎት ጋር ነው፤ እኔ ለማትሱኤ አደላለሁ።

ሺዙኦካ

ስመለስ በፈጣኑ ባቡር መንገድ ላይ ሺዙኦካ ወረድኩ። ኢዋታና ፉኩሮይ በሚባሉት ከተሞች ዙሪያ የሩዝ ማሳ ከቤትና ከፋብሪካ መካከል ገብቶ ይገኛል፤ የአንድ ገበሬ መሬት በአንድ ቦታ ሳይሆን እዚህም እዚያም ተበታትኗል። ሩዝ ውኃውን በልክ ይፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው ጠዋትና ማታ በትንሿ መኪናው ከማሳ ማሳ እየዞረ ውኃው የት እንደደረሰ ያያል፤ ከሥራው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ይህ ነው። የገበሬው ዕድሜ ደግሞ ገፍቷል፤ የሚተካው ልጅ ከተማ ገብቷል።

አይ.አይ.ጄ. በ2017 እዚህ በግብርና ሚኒስቴር ድጋፍ የጀመረው ሙከራ በየማሳው የሚተከል የውኃ ከፍታና የሙቀት መለኪያ ነው። መለኪያው በባትሪ ይሠራል፤ ሎራ በሚባል ጥቂት ኃይል በሚወስድ ሬዲዮ ለአካባቢው መቀበያ ይልካል፤ መቀበያው ወደ ኢንተርኔት ያስተላልፋል። ገበሬው ስልኩ ላይ አይቶ መሄድ ያለበት ማሳ ጋ ብቻ ይሄዳል። ከቦዩ ጋር የተገናኘ ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ የውኃ በር ካለም ቤቱ ሆኖ ያዛል።

እኛም ሩዝ አለን። በፎገራ ሜዳ የጃፓን የልማት ትብብር ተቋም ጃይካ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር በሩዝ ላይ ሲሠራ ዓመታት ሆኖታል። ፎገራ ግን በአብዛኛው ዝናብ ጠባቂ ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሸሽ ይሸሻል። የሚዘጋና የሚከፈት በር በሌለበት ማሳ የውኃው ልክ ስልክ ላይ ቢታይ ገበሬው የሚያደርገው ነገር የለውም። ሺዙኦካ ውስጥ ትንሹን መለኪያ ጠቃሚ ያደረገው ከሱ በፊት በትውልዶች የተቆፈረው ቦይ ነው፤ ለፎገራ የሚታሰብ ማንኛውም እንዲህ ያለ ዕቅድ ወጪውን ከቦዩ ጀምሮ መቁጠር አለበት።