ቅዳሜን ከእንጦጦ ጀርባ

«አዲስ አበባ ውስጥ ለየት ያለ ምን ይደረጋል?» ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ በማለዳ ተነሱና ከእንጦጦ ጀርባ ውረዱ። ካፌውና ሲኒማው የትም አይሄድም።

ከአዲሱ ገበያ የጎጃምን መንገድ ይዛችሁ ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል ሱሉልታ። ጎህ ሲቀድ ሯጮች ሜዳውን በቡድን በቡድን ሆነው ያቋርጡታል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚሁ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሰውነትም በጊዜ ብዛት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ዓለም በቴሌቪዥን ብቻ የሚያየው ጉልበት ሲገነባ ያለ ትኬት ቆሞ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ከዚያ ጫንጮ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። የወተት አገር ነው፤ ትኩስ የተፈላ ወተት በዳቦ፣ ሌላ ቁርስ አያስመኝም። ጊዜ ያለው ወደ ደርባ ታጥፎ የሙገርን ሸለቆ ይይ። በመስከረም ከሄዳችሁማ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ነው።

ወፍራም ሹራብ ያዙ። ሯጮቹንም ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ መንገዳቸው ላይ አትቁሙባቸው፤ ሥራ ላይ ናቸው።