ስንት ሰከንድ አተረፍን?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደህና አድርጎ የሚያገለግላችሁን ዕቃ «ከዚህ የፈጠነ አለ» ስለተባላችሁ ብቻ ጥላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጥያለሁ… ዋጋዬንም አግኝቻለሁ!

እኔና ታላቅ እህቴ ያለን አንድ ላፕቶፕ ነው። ቀን ቀን እሷ በአንዲት ጠባብ ክፍል የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ትሠራበታለች፤ ማታ ማታ እኔ ጽሑፌን እጽፍበታለሁ። ዊንዶውሱን ቫይረስ ሲፈጀው ጊዜ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንበት፤ ሁለት ዓመት ያለ አንዳች ኮሽታ ሠራን። ለማታውቁት፣ ሊኑክስ ማለት ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ በነፃ የሚገኝ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነገር ነው። ዓይነቱ ደግሞ እንደ ገበያ ሸማ ብዙ ነው።

አንድ ቀን ኮምፒዩተር የሚነካካ ጓደኛዬ መጣና «ስማ እንጂ፣ ኡቡንቱ'ኮ የጡረተኛ ነው! ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ እያለ ምን ያንፏቅቅሃል?» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። አንዳንድ ሊኑክሶች ፕሮግራሞቻቸውን ለአዳዲስ ቺፖች እንዲስማሙ አድርገው እንደገና ያዘጋጃሉ። ካቺኦኤስ የሚባለው ለምሳሌ እንዲህ ነው። ጄንቱ የሚባለውማ ፕሮግራሙን በገዛ ማሽንህ ላይ ከባዶ እንድትሠራው ያደርግሃል፤ አንዳንዱ ሰዓታት ይፈጃል።

እኔ ደግሞ ፈጣን ሲሉኝ አላስችል ይለኛል። ስሙን ልተወውና፣ ከነዚሁ ፈጣኖች አንዱን በዚያው ሌሊት ጫንኩት። ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። እህቴን ግን አላማከርኳትም። ሲነሳ እውነትም ፈጠን ብሎ ተነሳ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ልጅ ትናንት ያስጻፈችውን የሥራ ማመልከቻ ልትወስድ መጣች። ማስገቢያው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። እህቴ «አትም» ብላ ብታዘው ፕሪንተሩ ወይ ፍንክች! ተጠርቼ እየሮጥኩ ሄድኩ። ነካካሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ… ለካ የፕሪንተራችን ድራይቨር ለኡቡንቱና ለዴቢያን ብቻ የተሠራ ኖሯል! ልጅቷ ሰዓቷን እያየች «እትዬ፣ እባክዎን…» ስትል እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

እህቴ ምንም አልተናገረችም። ጽሑፉን በፍላሽ ገለበጠች፤ ክፍሏን ቆልፋ ልጅቷን ይዛ ማዶ ወዳለው ተፎካካሪዋ ሄደች፤ የሕትመቱን ከኪሷ ከፈለች። ልጅቷ በሰዓቱ ደረሰች። እህቴ ስትመለስ ቀና ብላ አየችኝና «ለመሆኑ ስንት ሰከንድ አተረፍን?» አለችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር!

በዚያው ምሽት ኡቡንቱን መለስኩት። «ኤልቲኤስ» የሚባለው እትሙ ለአምስት ዓመት እርማት ይሰጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው እስከ 2029 ማለት ነው። ፈጣኖቹ ብዙውን ጊዜ በየጊዜው ይታደሳሉ፤ ያ ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። ዕድሜም ሌላ ነገር ነው። በፍጥነቱ የተመሰገነውን ክሊር ሊኑክስን ኢንቴልን የሚያህል ድርጅት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2025 በቃኝ ብሎ አቆመው።

ፈጣን አትጠቀሙ አላልኩም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ጌም ለሚጫወት፣ አዲስ ማሽን ላለው ልዩነቱ ሊታይ ይችላል። ደብዳቤ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚከፍት ግን ያው ነው። ማሽናችሁ ካዘገመ መጀመሪያ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ለውጡ፤ ራም ጨምሩ። አዲስ ሊኑክስ ካማራችሁም ሳትጭኑ ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ ፕሪንተሩን፣ ዋይፋዩን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፈትኑ። ፎቶሾፕ የግድ ነው የምትሉ ደግሞ አትድከሙ፤ ለየትኛውም ሊኑክስ አልተሠራም።

ከሁሉ በፊት ግን በዚያ ማሽን እንጀራ የሚበላ ሌላ ሰው ካለ እሱን ጠይቁ። እኔ ያልጠየቅኋት እህቴ እስከ ዛሬ ላፕቶፑን ስትሰጠኝ «ደግሞ አፍጥነው አሉህ!» ትለኛለች።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!