መቶ ብቻ የተወሰነላት መኪና

ቲ.50 የተባለችው የእንግሊዝ አገር መኪና እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ ስትገለጥ፣ እንድትሠራ የተወሰነው ቁጥር 100 ብቻ፣ ዋጋዋም ከቀረጥ በፊት ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ታዲያ ሊገዟት ቀርቶ በዓይናቸው እንኳ ሊያይዋት የማይችሉ ብዙ የመኪና ወዳጆች ስለምን በደስታ ፈነደቁ? እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝና የራሴን ልናገር።

ልቤን የማረከው ፍጥነቷ አይደለም፤ ፈጣኖችማ ሞልተዋል። በደቡብ አፍሪቃ በደርባን ከተማ የተወለደው መሐንዲስ ጎርደን መሬይ ክብደቷን በ986 ኪሎ ግራም ወስኖ ከብዙ ተራ የቤት መኪኖች እንኳ አቀለላት። ማርሽ የሚቀየረው በሾፌሩ እጅ ነው። ሾፌሩ ከመካከል ሲቀመጥ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ከግራና ከቀኙ ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላሉ። ይህን አቀማመጥ መሬይ በ1992 በተገለጠችው በማክላረን ኤፍ 1 ላይም አሳይቶት ነበር። ከበስተኋላዋ ያለው ትልቅ ማራገቢያ አየሩን ከሥሯ እየሳበ መንገዱን አጥብቃ እንድትይዝ ይረዳታል። ከሁሉም በላይ ግን ድምፁ! ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር በደቂቃ እስከ 12,100 ጊዜ ሲሽከረከር የሚያሰማው ጩኸት፣ በቅጂ የሰማሁት ቢሆንም፣ ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር፣ ከመቶዎቹ ገዥዎች ስንቶቹ ዋጋዋ እንዳይቀንስ በመሥጋት በጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጧት ይሆን የሚለው ነው።