ግማሽ ጨረቃ

ስደተኛ ተማሪ ስለ ጨረቃ ብዕሩን ሲያነሣ ምን እንደሚጽፍ አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። ያችው ጨረቃ በእናት ደጅ ላይም ታበራለች፤ እኛንም እነርሱንም ታያለች። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እውነትነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ያሳየን፣ አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን እዚህ ስቶክሆልም የገዛነው አንድ አሮጌ ስፖቲንግ ስኮፕ ነው። ይኸውም ወፍና አውሬ ከሩቅ ለመመልከት የተሠራ፣ በአንድ ዐይን የሚታይበት መነጽር ነው። ብዙዎቹ የሥነ ፈለክ ቴሌስኮፖች ምስሉን ገልብጠው ሲያሳዩ ይህኛው አቅንቶ ያሳያል። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጨረቃን ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ እስክትሆን ይጠብቃል። በእኛ አስተያየት ከዚህ የከፋ ምርጫ የለም። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ ይጠፋል፤ ተራራውም ጉድጓዱም ተደፍጥጦ እንደ ምጣድ ልሙጥ ሆኖ ይታያል። በስምንተኛው ሌሊት ግን ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ፀሐይ ገና በመውጣት ላይ ናት። የእያንዳንዱ ኮረብታ ጥላ ይረዝማል፤ የጉድጓዶቹ ከንፈር ይሳላል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1609 በጨረቃ ላይ ተራሮች መኖራቸውን የተረዳው ከዚሁ መስመር አጠገብ፣ በጨለማው ውስጥ ጫፋቸው ብቻ የበራውን ተመልክቶ ነበር። እኛም የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን አስቀድመን የፈለግነው በሰሜን በኩል ያለውን፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሰፋውንና ወለሉ የጠቆረውን የአፍላጦንን ጉድጓድ ነው። (ስለ ዋሻና ስለ ጥላ የጻፈ ፈላስፋ ስሙ ከዚያ ስፍራ መዋሉ ተገቢ ነው።) የጨረቃን ዕድሜ ከመካከላችን ዲያቆን የነበረው ወዳጃችን በአበቅቴ አስልቶ ስለሚነግረን ካሌንደር አንፈልግም።

ስልኩን ከመነጽሩ ጋር በማያያዣ አጥብቀን ካሰርን በኋላ 20 ጊዜ በሚያጐላው ዝቅተኛ መጠን እንጀምራለን። ስልሳው ያጓጓል፤ ዳሩ ግን ብርሃኑ ይደክማል፣ የአየሩም መንቀጥቀጥ አብሮ ይጐላል። ጨረቃም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትሸሻለች። ስልኩ ጥቁሩን ሰማይ አይቶ ብርሃን ያበዛል፤ እርሷ ግን በቀትር ፀሐይ የተመታች ድንጋይ ስለሆነች ብርሃኑን በእጅ መቀነስ ያስፈልጋል። በጣት መንካትም ምስሉን ያናውጣል፤ ስለዚህ በሁለት ሴኮንድ ማዘግያ ማንሣት ይሻላል።

መስተዋቱን መጠበቅ ደግሞ ከማንሣቱ ይበልጥ ይከብዳል። በላዩ የተቀባው ነጸብራቅ ከልካይ ቅብ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺሕኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። አቧራ የሚጐዳው ሲቀመጥ ሳይሆን ሲታሽ ነው። የቀድሞው ባለቤት በምን እንደ ጠረገው አይታወቅም፤ የድመት ጥፍር የመሰለ ጭረት ትቶልናል። ስለዚህ አስቀድሞ በጎማ መንፊያ አቧራውን ማራገፍ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ የመጨረሻ ነው፤ ፈሳሹም በጨርቁ ላይ እንጂ በመስተዋቱ ላይ አይንጠባጠብም። በክረምት ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ወዲያው ያልበዋል። ገና ውጭ ሳለ በላስቲክ ከረጢት አስረን እናስገባዋለን፤ እስኪሞቅም ሰዓታት ሳንፈታው እንቆያለን፤ ጤዛው በከረጢቱ ላይ ይቀራል። ትዕግሥት ያጣ እንግዳ «አሳዩን» ሲል ስልኩን እንጂ መነጽሩን አንሰጠውም።

ባለፈው ኅዳር ያነሣነውን ግማሽ ጨረቃ አዲስ አበባ ላለችው ለአንዱ ወዳጃችን ታላቅ እኅት ላክንላት። እርሷም በዚያው ሰዓት በረንዳዋ ላይ ወጥታ በስልኳ አንሥታ ላከችልን። ብዥ ያለች ብትሆንም አቀማመጧ ግልጽ ነበር፤ የእርሷ ጨረቃ ብርሃኗን ወደ ታች አድርጋ እንደ ጣባ ተቀምጣለች። የእኛይቱ ብርሃኗን በቀኟ ይዛ ጥቂት ዘመም ብላ ቆማለች። «ይችን ጨረቃ ደግሞ ማን አቆማት?» ስትል ጻፈችልን።

መነጽሩ ምስል ስለማይገለብጥ በእርሱ ማመካኘት አልተቻለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል፣ ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለሚርቁ፣ እኛና እርሷ የቆምንበት መሬት አንዱ ለሌላው ያዘነበለ ነው። በስብሰባዎቻችን አገር ቤት ያለው ሰው የሚያየውን እኛም እንደ እርሱ እናያለን እያልን ስንከራከር እናመሻለን፤ የዚያን ዕለት ማታ ግን ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርገን ስናይ ከአራታችን ለብዙ ጊዜ የተናገረ አልነበረም። አንዱ ስልኩን አዘንብሎ የእኛይቱን ከእርሷ ጋር ለማስተካከል ሞከረ። ጨረቃይቱ ተስተካከለች፤ በሥሯ የነበረው የጐረቤት ጣራ ግን ገደል ሆነ።

እኅትየው በሚቀጥለው ወር በስምንተኛው ሌሊት፣ በእርሷ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለታችንም እንድናነሣ ቀጠሮ ሰጠችን። እርሷ አንሥታ ላከች። እኛ ዘንድ ግን ሰማዩ እስከ ጥር አልተከፈተም። መነጽሩ ከጫማ ካርቶኖች የሰበሰብናቸው የእርጥበት መምጠጫዎች ተጨምረውበት በሣጥኑ ውስጥ ነው።