ሽርጥ ለአባባ

ሽርጥ ለአዲስ አበባ ሰው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ወጥ ቤት ውስጥ ከፊት የሚታሰረው ጨርቅ ነው። ሌላው ደግሞ «እዚያ ቆላ» ያሉ ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙት። ይሄን ሁለተኛውን ለብሶ ከተማችን ውስጥ መታየት እስካሁን ትንሽ ያሳቅቃል። ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ ወይም ሎግያ ብትሄዱ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። እዚያ ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን ያገለድማል፣ የከባድ መኪና ሾፌሩም እሱን እንደለበሰ መሪ ይይዛል። አፋሮች ሳናፊል የሚሉት አላቸው፣ ሶማሌዎች ማዊስ ይሉታል፣ ቀይ ባሕርን ስትሻገሩ የመን ላይ ፉጣ ይሆናል።

እኔ አስተሳሰሩን የተማርኩት ድሬዳዋ ኢንጂነሪንግ ሳጠና፣ ከጅግጅጋ ከመጣ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ያኔ ጉዳዩ ሙቀት ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት አባቴ የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና አደረጉ። ከሆስፒታል ሲወጡ የሽንት ቱቦው አልወጣላቸውም ነበር። ሐኪሙ አጥብቆ የነገረን፦ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ቱቦው አይታጠፍ፣ እሳቸውም አልጋ ላይ አይቅሩ፣ ይራመዱ። ለመናገር ቀላል ነው። ሱሪ ሲለብሱ ወገቡ ቁስላቸው ላይ ይጫናል፣ ቱቦውም ይጣመማል። የፒጃማ ላስቲክም ያው ነው። ስለዚህ አባባ ጋቢ ተከናንበው አልጋ ላይ ቀሩ። ጠያቂ ሲመጣ ከረጢቱን በብርድ ልብስ ጫፍ ይሸፍኑና ስለ ዝናብ ያወራሉ። አራት ቀን ሙሉ ከክፍሉ አልወጡም።

«አባባ፣ ሽርጥ ላምጣልዎት?» አልኳቸው።

«ቀሚስ ልታለብሰኝ ነው?»

ደብረ ብርሃን ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በሒሳብ አስተማሪነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ሱሪያቸው የካውያ መስመር ሳይኖረው ዳቦ ሊገዙ አይወጡም። ስለዚህ አልተከራከርኩም። በማግስቱ የንስሐ አባታችን ሊጠይቋቸው መጡና ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አባባ ያንን ቀሚስ ትክ ብለው ሲያዩት አየኋቸው። ማታ «እስኪ ያልከውን አምጣው» አሉኝ።

ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። የሶማሌ ሱቆቹ ውስጥ ጨርቁ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፤ ብዙው ከኢንዶኔዥያና ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ነው። የምመክረው ጥጥ ነው። ያ የሚያብረቀርቀው ዓይነት ሲነኩት ደስ ይላል እንጂ ወገብ ላይ አይዝም፣ ይንሸራተታል። ጥጡም ቢሆን አዲስ ሲሆን ይደርቃል፣ አንዴ ሳይታጠብ አይለበስ። ሁለቱ ጫፎች ተሰፍተው እንደ ከረጢት ክብ የሆነውን ውሰዱ። ያልተሰፋ ከሆነ ማንም ልብስ ሰፊ በአንድ ቀጥ ያለ ስፌት ይጨርሰዋል። ለጀማሪ፣ በተለይ ለታማሚ፣ ያልተሰፋው በነፋስ ይከፈታል።

አባባ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አይወርድም?» የሚል ነበር። የሒሳብ ሰው አይደሉ! የኛ ሽርጥ ዙሪያው 200 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የሳቸው ወገብ 88። ትርፉ 112 ነው። ጨርቁን ውስጡ ገብተው ወደ አንድ ጎን ሲስቡት ያ ትርፍ እጥፍ ሆኖ 56 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ይሠራል። ክንፉን አጥብቀው በሆድ ላይ አሻግረው ወደ ሌላው ጎን ያጥፉታል። አሁን ከፊት ሦስት ድርብ ጨርቅ አለ። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ ጠቅልሎ ማውረድ ነው። የሚይዘው ጥቅልሉ ነው፤ ቋጠሮ የለም፣ ቁልፍ የለም። ወገባቸው 120 የሆነ ሰው ክንፉ 40 ብቻ ስለሚሆን ቶሎ ይላላበታል፤ እንዲህ ላለ ሰው ሰፋ ያለ ዙሪያ ያለው ይፈለግ፣ ወይም ከላይ ቀበቶ ይታከልበት።

ቁመቱም የሚስተካከለው በዚያው ጥቅልል ነው። የአባባ ቁስል ከእምብርት በታች ስለነበር ከእምብርት ትንሽ ከፍ አድርገን ነው ያሰርነው። ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት 98 ሆነ፣ ጨርቁ 118። ሃያዋን ሳንቲ ሜትር አምስት አምስት እያደረግን አራት ጊዜ ጠቀለልናት። ከዚህ በላይ ካጠራችሁት ሲቀመጡ ጉልበት ይታያል፣ ካስረዘማችሁት ይረገጣል። ቱቦውን ጭናቸው ላይ ለጠፍንና ከረጢቱን በማሰሪያው ከጉልበት በታች አደረግነው። የሚጫን የለ፣ የሚታጠፍ የለ፣ የሚታይም የለ።

መቀመጡን ያስተማርኳቸው እኔ አይደለሁም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው ቆየችና «ኧረ ሰውዬ፣ ጉልበትህን ግጠም!» አለች። ከዚያ ትርፉን ጨርቅ እንዴት በጉልበት መሃል ሰብሰብ እንደሚያደርጉት ራሷ ተቀምጣ አሳየቻቸው። ሴት ሁሉ ስታውቀው የኖረችውን እኛ በዚህ ዕድሜ መማራችን ነው። ደረጃ ሲወጡ ደግሞ የፊቱን ጨርቅ በአንድ እጅ ይዞ እስከ ቅልጥም ማንሳት፤ አለበለዚያ የሚረገጠው የራስ ልብስ ነው። ሌላኛው እጅ ለመደገፊያው ይቀራል። ኪስ ስለሌለው ስልክ ጥቅልሉ ውስጥ የሚሸጉጡ አሉ፣ እኔ አልመክርም፤ ስልኩም ይወድቃል፣ ጥቅልሉም ይላላል። ጫማው ሰንደል ቢሆን ይሻላል።

በዚያው ቀን ሳሎን ድረስ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን የኮንዶሚኒየሙን ኮሪደር ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ጎረቤት ሰላም ሲላቸው ቆም ብለው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው (ይፈታብኛል ብለው እየሰጉ ነው) ሰላምታውን መለሱ። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ቢላቸው «የድሬዳዋ ልብስ ነው» አሉት። ድሬዳዋን በሕይወታቸው ረግጠው አያውቁም።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ወደ ሱሪያቸው ተመለሱ፣ ካውያውም እንደገና ሥራ ጀመረ። ሽርጡ ግን አልተጣለም፤ ማታ ዜና ሲያዩ ይወጣል። ከግቢው በር አልፎ ግን አያውቅም፣ እኔም እንዲያልፍ አልጎተጉትም።

ለታመመ ሰው የምትገዙ ከሆነ ሁለት ግዙ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ መደቡ የተሠራበት ይሁን። ቱቦ ማንጠባጠቡ አይቀርም፣ ነጩ ላይ ጠብታው ወዲያው ይታያል።